ሠላሳ ስድስት ቅርፊት፦ በደሴ ፒያሳ የተደረገ የማይክሮስኮፕ ጥገና

ባለፈው ሰኔ ወር፣ ለእንሽላሊት ጥናት የምጠቀምበትን ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ደሴ ይዤው ወጣሁ። የሄድኩት ፒያሳ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ የሰዓትና የመነጽር መጠገኛ ሱቅ ነው። ስለዚህች ሱቅ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በወሎ ያሉ የባዮሎጂ መምህራንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የተበላሸ ማይክሮስኮፕ የሚጠግን ሰው በአቅራቢያቸው ያለ ስለማይመስላቸው መሣሪያዎቻቸው መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ሲበላሹ ስለማይ ነው። ሁለተኛው፣ እንሽላሊቶችን በመመደብ ሥራ ያሳለፍኳቸው ሃያ ሰባት ዓመታት ያለፉት በዚህ መሣሪያ በኩል በመሆኑ፣ የጥገናው ጥራት ለእኔ የጽሑፎቼ ትክክለኛነት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ለማያውቀው አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ የእንሽላሊት ዝርያ ግን ባመዛኙ የሚለየው በመልኳ ሳይሆን በቁጥር ነው። ቀለም ያታልላል፤ ወንዱና ሴቷ ይለያያሉ፣ በመራቢያ ወቅት ይደምቃል፣ አልኮል ውስጥ የገባ ናሙና ደግሞ ውሎ አድሮ ይደበዝዛል። ጅራትም አይታመንም፤ ጠላት ሲይዛት ብዙዎቹ ቆርጠው ይጥሉታል፣ ተመልሶ የሚበቅለውም እንደ ቀድሞው አይሆንም። የሰውነት ርዝመት ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። የቅርፊት ቁጥር ግን ስትወለድ የያዘችው እስክትሞት አብሯት ይኖራል። ስለዚህ በወገቧ ዙሪያ ስንት ረድፍ ቅርፊት እንዳለ፣ በላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ስንት እንደተደረደረ፣ በረጅሙ የኋላ ጣቷ ሥር ስንት ንጣፍ እንዳለ፣ እያንዳንዱ የጀርባ ቅርፊት ሦስት ሸንተረር ይኑረው ወይስ አምስት፣ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እንቆጥራለን። የሚቆጠረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው፤ በአንድ ቦታ የሁለት ረድፍ ስህተት ከተፈጠረም አንዲቱ ዝርያ በሌላዋ ስም ተጽፋ ልትቀር ትችላለች።

ይህን የአሠራር ዘዴ አጽንተው ከተዉልን ሰዎች ቀዳሚው ጆርጅ አልበርት ቡላንዤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ብራስልስ ላይ ተወልዶ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ወደሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቶ፣ እስከ 1920 ድረስ እዚያው ያገለገለው ይህ ሰው፣ በሙዚየሙ የተከማቹትን እንሽላሊቶች እየቆጠረና እየለካ ከ1885 እስከ 1887 በሦስት ቅጽ የታተመውን ካታሎግ ጻፈ። በሥራ ዘመኑ ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው ተሳቢ እንስሳት ብቻ ከ800 ዝርያዎች በላይ ናቸው፤ ዓሦቹንና እንቁራሪቶቹን ሳይጨምር ማለት ነው። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ፊቱን ወደ ጽጌረዳ አበባ ጥናት አዞረ፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሰውየው ዓይን ጥቃቅን ልዩነት ሳይፈልግ መኖር አይችልም ነበር እላለሁ። ስለ ዲኤንኤ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፣ ከድምዳሜዎቹም ብዙዎቹ ዛሬ ተለውጠዋል፤ የቆጠራቸው ቁጥሮች ግን እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። እኔ ኮምቦልቻ ላይ ተቀምጬ የምጽፈው ቁጥር እርሱ ከ130 ዓመት በፊት ከጻፈው ጋር ሊነጻጸር የሚችለው ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነገር አጥርተን ስናይ ብቻ ነው። በሻጋታ በተጋረደ ሌንስ የተቆጠረ ቁጥር ለዚህ ንጽጽር አይበቃም።

የእኔ መሣሪያ በ1990 ዓ.ም. ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ነው። ከሰባት እስከ አርባ አምስት እጥፍ ያጎላል። በቦርከና ዳር ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን፣ ገላቸው የሚያብለጨልጭ ባለ መስመር እንሽላሊቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠርኩት በእርሱ ነው። ያኔ እነዚህ እንሽላሊቶች ማቡያ በሚባል ወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን በአንድ ስም የሚይዝ ምድብ) ሥር ነበሩ፤ ወገኑም ከአፍሪካ እስከ እስያና ደቡብ አሜሪካ ድረስ የተዘረጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የዲኤንኤ ጥናት ይህን ሰፊ ወገን ለአራት ከፈለው፤ የደቡብ አሜሪካዎቹ ማቡያ እንደተባሉ ሲቀሩ፣ የእስያዎቹ ኤውትሮፒስ፣ የኬፕ ቨርዴ ደሴቶቹ ኪዮኒኒያ፣ የአፍሪካዎቹ ደግሞ ኤውፕሬፒስ ተባሉ። በማግስቱ ዓመት፣ በ2003፣ የተሳቢ እንስሳት ተመራማሪው አሮን ባወር ለአፍሪካዎቹ የሚገባው ስም ኦስትሪያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ፊትዚንገር በ1843 የሰጠው ትራኪሌፒስ መሆኑን አሳየ። እኔም በአንድ ዓመት ልዩነት የጠርሙሶቼን ምልክት ወረቀት ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ቅሬታ ግን አልነበረኝም፤ ስም ሲለወጥ እያንዳንዷን ናሙና እንደገና ከማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቼ ስላየሁ፣ በስህተት ተደባልቀው የኖሩ ሁለት ጠርሙሶችን ያገኘሁት በዚያን ጊዜ ነው።

መሣሪያው የተጎዳው በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ነው። ቤታችንን ዘግተን ስንወጣ መሬት ላይ ወድቆ፣ ሽፋኑም ተገልጦ፣ ለወራት እርጥበት ባለበት ክፍል ውስጥ ቆየ። ስንመለስ የግራው ዓይን ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ይዞ ነበር፤ ማስተካከያው መዞሪያ ደርቆ ነበር፤ አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ሁለቱ ዓይኖች የሚያሳዩት ምስል አንድ ላይ አልገጥም ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ወስጄ ያሳየሁት አንድ ባለሙያ ሳይከፍተው አዲስ እንድገዛ መከረኝ። የአዲሱ ዋጋ ከአንድ መምህር አቅም በላይ ነበርና ለሦስት ዓመታት ያህል በእጅ በሚያዝ ማጉያ መነጽር ብቻ ሠራሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላምናቸውም።

የሱቋ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሰዓት ከመጠገን ሌላ መነጽር ይሞርዳሉ፣ የቀያሾችን መሣሪያና የፎቶ ካሜራ ሌንስም ያጸዳሉ። የደረስኩት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ዕቃውን በእጃቸው ሳይነኩ ጎንበስ ብለው በሁለቱም ዓይን ካዩ በኋላ፣ «መምህር፣ ይኼን የምከፍተው በቀን ብርሃን ነው። ዛሬ መሽቷል፤ ነገ በጠዋት ይምጡና አብረን እንክፈተው» አሉኝ። «ጋሼ፣ እኔ የምመጣው ከኮምቦልቻ ነው፤ እዚህ ትቼልዎ ብሄድስ?» ብላቸው፣ «ምን ምን እንደሚታይዎ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እኔ የማውቀው ብሎኑን ነው» ብለው አልተቀበሉኝም። በዚያች ሰዓት ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ማደር ነበረብኝ። በማግስቱ ሥራውን ሳይ ግን ሰውየው ልክ እንደነበሩ ገባኝ፤ ለዚህ ዓይነት ዕቃ ከዚህ የተሻለ አቀባበል አላውቅም።

ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕ እንደ ተራው ማይክሮስኮፕ አንድ ምስል ለሁለት ዓይን የሚያካፍል አይደለም። ሁለት የተለያዩ የብርሃን መንገዶች አሉት፤ በጥቂት ማዕዘን ተለያይተው አንዱን ነገር ከሁለት ጎን ያዩታል፣ አእምሯችንም ሁለቱን አጣምሮ ጥልቀት ያለው ምስል ይሠራል። የቅርፊት ሸንተረር ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በመውደቅ አንዱ ፕሪዝም (ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚያጥፈው መስታወት) ጥቂት እንኳ ከቦታው ከተንሸራተተ ሁለቱ ምስሎች አይገጥሙም፤ ተመልካቹ እያስገደደ ሊያገጥማቸው ሲሞክር ራሱን ያመዋል፣ አንዱን ረድፍም ሁለቴ ይቆጥራል ወይም ይዘለዋል። ጋሼ ይህን ያስተካከሉት ሚሊሜትር በሚሊሜትር የተሰመረ ወረቀት ከሌንሱ ሥር አስቀምጠው ነው። አንዱን መስመር በቀኝ ዓይን መሀል ላይ ካደረጉ በኋላ፣ በግራው ዓይን ያው መስመር የት እንደወደቀ እያዩ፣ የፕሪዝሙን ሦስት ጥቃቅን ብሎኖች በሰዓት ካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ ያዞሩ ነበር። ከዚያም ማጉያውን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው እያንቀሳቀሱ መስመሩ ከመሀል እንደማይሸሽ አረጋገጡ። ይህ ሁለተኛው እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ በዝቅተኛው ማጉያ የገጠመ ምስል በከፍተኛው ሊለያይ ይችላል። በዚህ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ አድርገውታል።

የሻጋታውን ነገር በአጭሩ ልናገር። ሌንሶቹን አንድ በአንድ ፈትተው፣ የትኛው በየት በኩል እንደነበረ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ፣ በንጹሕ አልኮልና በወረንጦ በተያዘ ጥጥ ከመሀል ወደ ጠርዝ እያዞሩ ጠረጉ። ሁሉም ጸዳ ማለት ግን አይደለም። ሻጋታ ለረጅም ጊዜ ከቆየ የሌንሱን ስስ ሽፋን ይበላዋል፤ በግራው ፕሪዝም ጥግ ላይ የቀረው ደብዛዛ ጠባሳ አይጠፋም። ይህን ደብቀው አላለፉትም፤ ወደ ብርሃን አንስተው አሳዩኝ። የደረቀውን ግሪስ በነጭ ጋዝ አጥበው፣ ስስ ግሪስ ቀብተው ሲመልሱት መዞሪያው በአንድ ጣት የሚንቀሳቀስ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ፈተና ነበር። ይዤው የሄድኩት አንዲት ትራኪሌፒስ ነበረች፤ በ1996 ዓ.ም. የቆጠርኳት፣ በወገቧ ዙሪያ 36 ረድፍ ቅርፊት እንዳላት በማስታወሻ ደብተሬ የተጻፈች። ጥገናው ከመደረጉ በፊት በዚሁ በተጎዳ ማይክሮስኮፕ አምስት ጊዜ ቆጥሬያት 34፣ 37፣ 36፣ 35፣ እንደገና 37 አግኝቼ ነበር። ከጥገናው በኋላ የሱቋ መስኮት አጠገብ ቆሜ አምስት ጊዜ ቆጠርኳት፤ አምስቱንም ጊዜ 36 መጣ። ጋሼ ቁጥሩን ስነግራቸው ራሳቸው ለማየት ጠየቁ፤ በመርፌ ጫፍ እየተከተሉ ከሆዷ መሀል ጀምረው ዞረው እስኪመለሱ ድረስ ሲቆጥሩ ሱቋ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዝም አሉ። 36 አሉ። እንሽላሊት መርዝ ናት ተብሎ ከልጅነታችን ጀምሮ በተነገረን አገር፣ አንድ ሽማግሌ ጥገና ባለሙያ የእንሽላሊት ቅርፊት በዚህ ጥንቃቄ ሲቆጥሩ ማየት ለእኔ ከጥገናው ያልተናነሰ ነገር ነበር።

ጉድለት ያየሁት በመብራቱ ላይ ነው። የተቃጠለው አምፖል ባለ 12 ቮልት ሲሆን ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ጋሼ በሌንሱ ዙሪያ የሚገጠም ክብ ኤልኢዲ መብራት አስገቡልኝ። መብራቱ ብሩህ ነው፣ አይሞቅም፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይሠራል። ነገር ግን ከላይ በሁሉም ጎን እኩል ስለሚያበራ ጥላ አያስቀርም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ የቅርፊቱ ሸንተረሮች ጠፍጣፋ መስለው ይታያሉ። የጀርባዋ ቅርፊት ሦስት ሸንተረር አለው ወይስ አምስት የሚለውን ለመለየት ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን መምጣት አለበት፤ የጠዋት ፀሐይ የእርሻን ትልም የሚያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ካስረዳኋቸው በኋላ በሚታጠፍ አንገት ላይ የተሠራ አንድ ተጨማሪ ትንሽ መብራት ሠሩልኝ፤ አንገቱ ግን በቂ ጥንካሬ ስለሌለው በየጥቂቱ ጊዜ ይወርዳል። ተመሳሳይ ሥራ የሚያሠራ ሰው ክቡን መብራት ትቶ ከመጀመሪያው የጎን መብራት ብቻ ቢያስገጥም የተሻለ ነው። ለተማሪዎች ማሳያ ወይም ለነፍሳት ጥናት ከሆነ ግን ክቡ መብራት በቂ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

የከፈልኩት ለጽዳትና ለማስተካከል 4,500 ብር፣ ለሁለቱ መብራቶች 1,800 ብር ነው። ከአዲስ መሣሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ትንሽ ነው፤ ለሁለት ቀን ከፈጀ የእጅ ሥራ አንጻር ደግሞ ጋሼ ከዚህ በላይ መጠየቅ ይገባቸው ነበር። ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ነው። የጽሑፍ ዋስትና አይሰጡም፤ ምስሉ አንድ ወር ሳይሞላው ከተንሸራተተ ያለ ክፍያ እንደሚያስተካክሉ በቃል ነግረውኛል። ከመሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚያስጠግኑ ሰዎች ይህን አስቀድመው ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ የሒሳብ ክፍል እንዲህ ያለውን ደረሰኝ ላይቀበል ይችላል።

የዲኤንኤ ዘመን ከመጣ በኋላ ማይክሮስኮፕ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ከጥገናው በኋላ ባለው ሳምንት ያየሁትን ልንገራቸው። ወንዱ በድንጋይ ካብ ላይ ሆኖ አንገቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን፣ ሆዱ ሰማያዊ የሆነውን የደጋችንን እንሽላሊት መንጋጋ ከፈትኩ፤ ይህች ዝርያ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1831 እና በ1834 መካከል ወደ አገራችን ባደረገው ጉዞ ምክንያት ለሳይንስ የታወቀች፣ በ1835 ስም የተሰጣት፣ ዛሬ አካንቶሰርከስ በሚባል ወገን ሥር የምትመደብ ናት። ከጎኗ የእስስት መንጋጋ አስቀመጥኩ። በውጭ ሲታዩ የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም፤ አንዷ ድንጋይ ላይ ትሮጣለች፣ ሌላዋ ቅርንጫፍ ይዛ እየተወዛወዘች ትራመዳለች። ከማይክሮስኮፕ ሥር ግን የሁለቱም የጎን ጥርሶች በመንጋጋው አጥንት ጫፍ ላይ ተጣብቀው የበቀሉ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ሌሎች እንሽላሊቶች ጥርስ የሚያያዘው በመንጋጋው የውስጥ ጎን ነው። ዝምድናቸው በዚያ ይነበባል፤ ዲኤንኤውም ይህንኑ ያጸናል።

ሁልጊዜ ግን ሁለቱ አይስማሙም። እነዚህን ሁለቱንና ኢግዋናዎችን የያዘው ትልቅ ቅርንጫፍ በእንሽላሊቶች የዘር ሐረግ ላይ የት ይቀመጣል በሚለው ጥያቄ የአጥንትና የቅርፊት ማስረጃ አንድ ነገር፣ የዲኤንኤ ማስረጃ ሌላ ነገር ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው የኤስቲስ፣ የደ ኬይሮዝና የጎትዬ ጥናት፣ እንዲሁም በ2012 በ192 ዝርያዎች ላይ 610 የአካል ባሕርያትን የመረመረው ሰፊ ጥናት፣ ይህ ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ የተለየ ነው ይላሉ፤ ምግባቸውን በምላስ መያዛቸውም ከጥንቱ የተወረሰ ነው በሚል ይተረጎማል። ከ2004 ጀምሮ የወጡት የዲኤንኤ ጥናቶች፣ በ2013 ከ4,000 በላይ ዝርያዎችን የያዘውን ጨምሮ፣ ቅርንጫፉን ከእባቦችና ከአርጃኖ ዘመዶች ጎን ያስቀምጡታል። እኔ በዚህ ክርክር ከዲኤንኤው ወገን ነኝ፤ ከአጥንት ጥናት የመጣሁ ሰው ሆኜ ወደዚያ ለመሻገር ብዙ ዓመት ወስዶብኛል። ይሁንና ዲኤንኤው ልክ ከሆነ የአካሉ ማስረጃ ለምን እንዲህ በአንድነት ወደ ሌላ አቅጣጫ ጠቆመ የሚለውን መመለስ የሚችለው ያንኑ አካል እንደገና አጥርቶ የሚያይ ሰው ነው። ለዚህም ሁለቱ ዓይኖቹ የገጠሙ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ እንዴት እርጥበት እንደሚይዝ ያውቃል። ጋሼ ሲሸኙኝ መሣሪያውን ከተጠቀምኩበት በኋላ አየር በማያስገባ ሳጥን ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚገኙት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር እንዳስቀምጠው፣ ከረጢቶቹንም በየወሩ ፀሐይ ላይ እንዳደርቃቸው ነገሩኝ። በዚህ መሠረት ይዤው እስከ ዛሬ ሻጋታ አልተመለሰም፤ ምስሉም አልተንሸራተተም።

ሱቋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ናት፤ ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ትዘጋለች። ማይክሮስኮፕ የሚያስጠግን ሰው ጠዋት ቢደርስና ከሩቅ የሚመጣ ከሆነም ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ቢያስብ ይሻለዋል። በሚገባ የሚያውቀውን፣ አስቀድሞ የቆጠረውን ወይም የለካውን አንድ ነገር ይዞ መሄዱንም አይርሳ፤ ከሱቋ ከመውጣቱ በፊት በዚያ ይፈትነዋል።